ለወግ ለማዕረግ መብቃት፦ የእድገት ተግባራት በቆቦና በራያ ቆላ ታሪክ

ወላጅ ልጁን ከሚመርቅባቸው ቃላት ሁሉ ከፍ ያለ ስፍራ ያለው «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» የሚለው ነው። ምርቃቱ ሁለት ቁም ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው፣ የሰው ልጅ ዕድሜ በየደረጃው የሚፈጸም ወግ ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ወግ በግለሰቡ ጥረት ብቻ የማይገኝ፣ የሚያበቃ ረዳት የሚያስፈልገው መሆኑ ነው።

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ሮበርት ሃቪገርስት እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው «የእድገት ተግባራትና ትምህርት» በተባለው መጽሐፍ ይህን የመሰለ ሐሳብ በሥርዓት አቅርቧል። በእርሱ አስተያየት የእድገት ተግባር በአንድ የዕድሜ ክልል የሚነሣ ሥራ ነው። በወቅቱ የተከናወነ እንደሆነ ደስታን ያስገኛል፤ ተከታዩንም ተግባር ያቃናል። ያልተከናወነ እንደሆነ ግን ኀዘንን፣ የኅብረተሰቡን ነቀፌታና የቀጣዩን ተግባር መሰናከል ያስከትላል። ምንጮቹም ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የአካል መብሰል፣ የኅብረተሰቡ ግፊት፣ የግለሰቡም ምኞት ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ ሲያቀርብ በእያንዳንዱ ደረጃ ሰው የሚጋፈጠውን የውስጥ ትግል አመልክቷል።

ከሦስቱ ምንጮች የአካል መብሰል በየትውልዱ ብዙ አይለወጥም። የኅብረተሰቡ ግፊት ግን በሕግ፣ በጦርነት፣ በድርቅና በመሬት ሥሪት ይለዋወጣል። ባለፉት መቶ ዓመታት በቆቦና በራያ ቆላ የታየው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የማማው ትምህርት ቤት

ቆቦ ከላስታ ከፍታዎች በስተምሥራቅ፣ ከዞብል ተራሮች በስተምዕራብ በተዘረጋ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከዞብል ማዶ የአፋር ቆላ ይጀምራል። ሆርማትና ጎሊና የተባሉት ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፋቸውን እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ሕዝቡ በአመዛኙ የሚኖረው በማሽላና በከብት ነው።

በዚህ አገር የልጅነት ተግባር የሚጀምረው በግልገልና በጥጃ ጥበቃ ነው። ልጁ ጠና ሲል በግና ፍየል፣ ከዚያም ከብት ይረከባል። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቴ ያሉት የአካባቢው የማሽላ ዓይነቶች በሚያዝያ ተዘርተው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ በማሳ ላይ ስለሚቆዩ፣ ፍሬ በያዙ ጊዜ ብርቱ ጥበቃ ያሻቸዋል። ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያባርራል። በማማው ላይ ያንቀላፋ እንደሆነ የቤተሰቡን ቀለብ ያስበላል፤ በትጋት የጠበቀ እንደሆነ ግን የድካሙን ፍሬ ከወላጆቹ ጋር ይቀምሳል። ኤሪክሰን በትምህርት ቤት ዕድሜ ያለ ልጅ ሊያገኘው ይገባል ያለው የችሎታ ስሜት ለራያ ልጅ የሚገኘው ከዚህ ነበር።

ለሴት ልጅ ደግሞ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናናሾችን ማዘል፣ ቀጥሎም ወፍጮ፣ ምጣድና ስፌት በየተራቸው ይመጣሉ። በነሐሴ አጋማሽ በሚከበረው በሶለል በዓል ልጃገረዶች አጊጠው፣ እየዘፈኑ በአደባባይ ይታያሉ። ይሁን እንጂ በልጅነትና በሚስትነት መካከል ያለው ጊዜ ለሴቷ እጅግ አጭር ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ወስኖ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ይህንኑ ተከተለ። በዚህም ለሴት ልጅ ቢያንስ በሕግ ፊት የሦስት ዓመት የጉርምስና ጊዜ ተጨመረላት።

የወንድነት ምስክር

የወንዱ ጉርምስና መውጫው ሌላ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ በራያ ጎረምሶች ዘንድ «ጋዝ» የሚባል ዘመቻ ይዘወተር ነበር። ጎረምሶቹ በቡድን ተደራጅተው ወደ አፋር ቆላ ይወርዳሉ፤ ከብት ይዘርፋሉ፤ ይገድላሉም። ገድሎ የተመለሰ በሴቶች ይዘፈንለታል፤ ያልዘመተው ግን ለትዳር የሚታጭበት ክብር ይጎድለው ነበር። የአፋሩ ጎረምሳም በበኩሉ ብድሩን ለመመለስ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

በሃቪገርስት መለኪያ ሲታይ ጋዝ የተሟላ የእድገት ተግባር ነበር፤ ጊዜው የታወቀ፣ ምስክሩ የታወቀ፣ ለተከታዩ ተግባር ለትዳርም በር የሚከፍት ነበርና። ነገር ግን ዋጋውን የሚከፍለው ጎረቤት ነበር። አንድ ተግባር ኅብረተሰቡ የሚሻው መሆኑ ብቻውን መልካም እንደማያደርገው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ማዕከላዊው መንግሥት ይህን ልማድና የአካባቢውን ነፃነት ለመቆጣጠር ባደረገው ጥረት ከራያ ሕዝብ ጋር ደጋግሞ ተጋጭቷል። ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. በራያና አዘቦ ዓመፅ ተነሥቶ ነበር፤ በ1935 ዓ.ም. በተነሣው የወያነ ዓመፅም የራያ ሰዎች ተካፍለዋል። በየጊዜው በጎረምሶች መካከል የፈሰሰውን ደም የማድረቁ ሥራ ደግሞ ለአዛውንቶች የተተወ ነበር። በራያ ዘወልድ የሚባለው የዕርቅ ሥርዓት የሽማግሌነትን ዕድሜ ከባድ ኃላፊነት አሸክሞታል። በጉርምስናው ለጠብ የተሰለፈ ሰው በእርጅናው ለዕርቅ ይቀመጥ ነበር።

መሬትና ጎጆ

ከጋዝ ጎን ለጎን ሰላማዊው የአዋቂነት መንገድ ሞፈርና ቀንበር ነበር። አባት ለልጁ ጉልማ ይሰጠዋል፤ ልጁም በዚያች ቁራሽ መሬት አርሶ የራሱን እህል ያስገባል፤ በሬ ያበጃል፤ በመጨረሻም ሚስት አግብቶ ጎጆ ይወጣል። ስለዚህ ለወግ የሚያበቃው ቁልፍ በአባት እጅ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ቁልፍ ከአባት ወደ ገበሬ ማኅበር አዛወረ። በራሱ ጉልበት ለማረስ የፈቀደ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ተደነገገ። ጎጆ ለመውጣት የሚሻ ወጣት ከእንግዲህ የሚለምነው ማኅበሩን ሆነ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ የልጅነት ተግባር የሆነውን ፊደል መቁጠርን ለጎልማሳውና ለአዛውንቱም አደረሰ።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን የሰጠውን መልሶ ወሰደ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለዘመቻ ጠራ። ይህ ዕድሜ ትዳርና ጎጆ የሚመሠረትበት ዕድሜ ነው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ደረሰ። ከዚያ ቀደም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ሕዝብ የፈጀው ረሀብ ገና አልተረሳም ነበር። የቆላው ገበሬ በሬውን ሸጠ፤ ዘሩን በላ፤ በአዲስ አበባና በአሥመራ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ወዳሉት መጠለያዎች ወረደ። በሰፈራው ዘመቻ በመላው አገሪቱ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲጓዝ ከፍተኛው ቁጥር ከወሎ የተነሣ ነበር።

ረሀብ የዕድሜን ሥርዓት ያፋልሳል። ታናሾቹን የሚያሳድግ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባትን ተግባር ያለ ጊዜው ይረከባል፤ ልጆቹን የቀበረ ሽማግሌ ደግሞ የሚመርቀው ያጣል። የሃቪገርስት ትምህርት ተግባራት በተራ እንደሚመጡ ያስባል፤ በ1977 ዓ.ም. ግን ተራው ፈርሶ ነበር።

ደብተርና ባሕር

ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ድልድል አልተካሄደም። ከዚያ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰው ወጣት የወላጆቹን ጠባብ ማሳ ከወንድምና ከእኅቱ ጋር መካፈል ግድ ሆኖበታል። በዚሁ ጊዜ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተስፋፋ። ማማው በደብተር ተተካ፤ የወንድነትም የሴትነትም ምስክር የፈተና ውጤት ሆነ። ውጤቱ ያልመጣለት ወጣት ግን ወደ ማሳው እንዳይመለስ ማሳ የለውም፤ ወደ መሥሪያ ቤት እንዳይገባ ምስክር ወረቀት የለውም።

በዚህ ጊዜ ብዙ የራያ ወጣቶች የሳውዲን መንገድ መረጡ። በአፋር በረሃ አቋርጠው፣ ከጅቡቲ ጠረፍ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ቀድሞ አያቶቻቸው ለጋዝ የወረዱበትን ቆላ እነርሱ ለእንጀራ ይጓዙበታል። ተርፎ ገንዘብ የላከ ለወላጆቹ ቤት ይሠራል፤ ያገባል፤ ይከበራል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳውዲ መንግሥት በጀመረው ማባረር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹም ሊያመልጡት ወደ ሄዱት ጥያቄ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ደግሞ ደብተሩም ተዘጋ።

የባለሙያው ድርሻ

ከዚህ ታሪክ መምህሩ፣ አማካሪውና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው የሚያገኙት ትምህርት አለ። በሠላሳ ዓመቱ ጎጆ ያልወጣ ወጣት በፊታቸው በቀረበ ጊዜ መጽሐፉ «ያልተከናወነ ተግባር» ይለዋል፤ መጽሐፉን ብቻ የያዘ ባለሙያም ጉድለቱን ከወጣቱ ሰብእና ውስጥ ሊፈልግ ይነሣል። የቆቦ ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድሞ እንዲጠየቅ ያስገድዳል። ይኸውም፣ ተግባሩን የሚጠብቀው ኅብረተሰብ ማከናወኛውን ሰጥቶታል ወይ የሚል ነው።

የራያ ወጣት ከጋዝ ዘመን እስከ ዛሬ የሚሻው አንድ ነገር ነው፤ ሰው መባል። ኅብረተሰቡ ጉልማ ሲሰጠው አርሷል፤ መሬት ሲደለደልለት ጎጆ ወጥቷል፤ ደብተር ሲሰጠው ተምሯል። ምንም በማይሰጠው ጊዜ ባሕር ተሻግሯል። ስለዚህ ወጣቱን ከስደት ለመመለስ የሚሰጠው ምክር ብቻውን አይበቃም። የመስኖ ውሃ፣ የእጅ ሙያ፣ ብድርና የሚታረስ መሬት የእርሻና የገንዘብ ባለሙያዎች ጉዳይ ሆነው ሊተዉ አይገባም፤ የእድገት ተግባራት ማከናወኛዎች ናቸውና የሥነ ልቡና ባለሙያውም ጉዳይ ናቸው። ወላጅ «ያብቃህ» ብሎ ሲመርቅ ልጁ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃል። ሙያውም ከዚህ ዕውቀት ቢነሣ ለሚያገለግለው ሕዝብ የተሻለ ይጠቅማል።