ከነጋድራስ ኬላ እስከ ጥቅምት 30፦ የትንሽ ድርጅት ግብር ከየት መጣ?

ሞያሌ ላይ ዕቃ የሚያስገባው ድርጅታችን ሦስት ሸሪኮች አሉት፤ ሦስታችንም የአንድ ቤት ልጆች ነን። አንድ ዓመት ንግዱ ቀዘቀዘብን። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብለን ብናሰላ የተረፈን የለም። «ካላተረፍን ምን እናሳውቃለን?» ተባባልንና ጥቅምትን በዝምታ አሳለፍነው። ነገሩ የወጣው በኋላ ፈቃድ ለማደስ ክሊራንስ ስንጠይቅ ነው። ያልቀረበ የግብር ማስታወቂያ፣ በላዩ ላይ ቅጣት። ጉምሩክ ላይ በየጭነቱ የከፈልነውን እንዳናሳይ ደግሞ ከዲክላራሲዮኖቹ ግማሾቹ የት እንደገቡ አልታወቀም፤ የቀሩት ፌስታል ውስጥ ተጠቅልለው ተገኙ። የምንወቅሰው ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ደጋግመን ጠየቅን፦ ዕድሜ ልካችንን ስንነግድ የኖርን ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ሳትነው? መልሱ ከእኛ በፊት ከነበሩት ነጋዴዎች የወረስነው አስተሳሰብ ውስጥ ያለ ይመስለናል።

ኬላ ላይ የሚያልቅ ግብር

የአያቶቻችን ግብር መንገድ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። በመተማ ወደ ሱዳን፣ በሐረር ወደ ዘይላ፣ ወይም ወደ ምፅዋ የሚወርደው ቅፍለት በየኬላው ይቆማል። ዝሆን ጥርስ ይሁን ቡና፣ አሞሌ ጨው ይሁን ጨርቅ፣ ጭነቱ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ይቀረጣል። የዚህ ሥራ አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር፤ የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው። ቀረጥ ያስከፍላል፣ ነጋዴ ሲጣላ ይዳኛል፣ ገበያ ያስከብራል። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የዚያች ከተማ ነጋድራስነት ትልቅ ሹመት ሆነ። ከተሾሙት መካከል ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይገኛሉ። ገብረ ሕይወት በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የአገሪቱ የንግድና የጉምሩክ ሥርዓት እንዲስተካከል የጻፉ ሰው ናቸው።

የዚያ ዘመን ግብር አንድ ጠባይ ነበረው፦ ኬላው ሲታለፍ ያልቃል። ነጋዴው አተረፈም ከሰረ፣ የሚጠይቀው የለም። ጭነቱ ይናገርለታል፤ እሱ ምንም አይናገርም። እኛም ጥቅምትን በዝምታ ያሳለፍነው በዚሁ ልማድ ነው፤ «ጉምሩክ ላይ ከፍለናል» ብለን።

ጭነት ሳይሆን ትርፍ

ከጣልያን ወረራ በኋላ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 60 በግለሰብ ገቢና በንግድ ሥራ ላይ ግብር ጣለ። ከዚህ በኋላ መንግሥት የሚፈልገው በበቅሎ ላይ ያለውን ጭነት ብቻ አይደለም፤ ተሽጦ፣ ወጪ ተነሥቶ፣ በመጨረሻ በእጅ የቀረውንም ነው። ይህን ደግሞ ኬላ ላይ የቆመ ሰው ሊያየው አይችልም። የሚያውቀው ነጋዴው ነው፤ የሚመሰክርለትም መዝገቡ።

ቀጥሎ የመጣው ለትንንሽ ድርጅቶች ትልቁ ለውጥ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ የፈረንሳይ የሕግ ሊቃውንት ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ያረቀቁት፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚባለውን አመጣ። ከ2 እስከ 50 ሸሪኮች፣ ቢያንስ 15,000 ብር ካፒታል። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰው ይሆናል። ዕዳ ቢገባ በመርህ ደረጃ ሸሪኩ የሚያጣው ያዋጣውን ነው፤ የእናቱ ቤት አይነካም። ወዲያው በ1953 ዓ.ም. የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 173 ወጣ።

በደርግ ዘመን የግል ነጋዴ ካፒታል ጣሪያ ተበጀለትና የማኅበር ንግድ ለብዙ ዓመታት ደከመ። የዛሬው መልክ የተያዘው በዐዋጅ ቁጥር 286/1994 ሲሆን፣ እሱን የተካው ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው። በእነዚህ ሕጎች ግብር ከፋይ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብሎ ተከፈለ። የሰፈር ሱቅ በሽያጩ መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ድርጅት ግን ሽያጩ ምንም ያህል ቢያንስ ደረጃ «ሀ» ነው። ብዙዎቻችን «ትንሽ ነን» እያልን የምንስተው ይህንን ነው። ሕጉ የሚያየው ትንሽነታችንን ሳይሆን ሰው ሆነን መመዝገባችንን ነው።

በ2009 ዓ.ም. በትንንሽ ነጋዴዎች ላይ የወጣው የቀን ገቢ ግምት ያስነሳውን ቅሬታ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በየከተማው ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ቅሬታው «ሳታውቁኝ ገመታችሁኝ» የሚል ነበር። ደረጃ «ሀ» የሆነ ድርጅት ዕድሉ ሌላ ነው፤ አስቀድሞ የሚናገረው ራሱ ነው። መዝገብ ከሌለው ግን እሱም ተመልሶ ግምት ውስጥ ይወድቃል።

ኬላው ዛሬም አለ፤ ትርጉሙ ግን ተለውጧል

እኛን እጅግ የቆጨን ይህ ነው። በ2008ቱ ዐዋጅ መሠረት ለንግድ የሚገባ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሲደርስ፣ ከዋጋው፣ ከመድኑና ከማጓጓዣው ድምር ላይ 3 በመቶ ይያዛል። እኛ ይህን እንደ ድሮው ቀረጥ ቆጥረን ረሳነው። አይደለም። ቅድመ ግብር ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከምንከፍለው የትርፍ ግብር ላይ የሚቀነስ የራሳችን ገንዘብ። የአያቶቻችን ኬላ የበላውን አይመልስም ነበር። የዛሬው ይመልሳል፤ ግን ላሳወቀና ሰነድ ላቀረበ ብቻ። ዝም ያለ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ኪሳራም እንዲሁ ነው። በዚሁ ዐዋጅ የአንድ ዓመት ኪሳራ እስከ 5 ዓመት ድረስ ወደፊት እየተላለፈ ከትርፍ ሊቀነስ ይችላል፤ የሚተላለፈውም የሁለት ዓመት ኪሳራ ብቻ ነው። ስለዚህ የከሰረ ዓመት ከሁሉ ይልቅ መነገር ያለበት ዓመት ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ትርፍ ቢጠፋም ከዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ 2.5 በመቶ እንደ ዝቅተኛ ግብር አስቀምጧል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ጭነት ቆጣሪው ዐይን በከፊል ተመልሷል ማለት ነው። «አላተረፍንምና አንሄድም» የሚለው ነገር ከእንግዲህ ጭራሽ አያዋጣም።

ለእኛ የቀረው ትምህርት

አንደኛ፣ ቀኑ። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ፣ የሂሳብ መግለጫውና ማስታወቂያው በአራት ወር ውስጥ፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 30 ይቀርባል። ዘግይቶ ማሳወቅ ካልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል።

ሁለተኛ፣ ካዝናው። ከሸሪኮቹ አንዱ ለልጁ ትምህርት ቤት ከድርጅቱ ሲያነሳ ደመወዝ ነው፣ ብድር ነው ወይስ የትርፍ ድርሻ? ሦስቱም ግብራቸው ለየብቻ ነው። እኛ «የቤታችን ገንዘብ ነው» እንል ነበር። ማኅበሩን ከቤታችን የለየነው ግን ቤታችንን ለማዳን ነው፤ ካዝናውን ስንቀላቅል ያንኑ ግድግዳ በገዛ እጃችን እናፈርሳለን። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ ፈተና ይብሳል፤ «ይሄ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሸሪክ የለውም።

ሦስተኛ፣ ማዶ ያለው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ ድርጅት ከድንበር ማዶ ያገኘውንም ገቢ እዚህ ያሳውቃል። እዚያ የከፈለው ግብር በሰነድ ከተረጋገጠ፣ በዚያው ገቢ ላይ እዚህ ከሚደርስበት ግብር ሳያልፍ ይቀነስለታል። ኬንያ ውስጥ ኩባንያ ያላችሁም እዚያ የሒሳብ ዓመቱ ካለቀ በ6 ወር ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ሥራ ባይኖርም ባዶውን።

በአማርኛችን ልብ ያልተጣለበትን ሥራ «ለግብር ይውጣ» እንለዋለን። እኛ ግብራችንን ራሱን ለግብር ይውጣ አድርገነው ነበር። ዛሬ ዲክላራሲዮኖቻችን በየወራቸው ተሰፍተው በአንድ ሳጥን ተቀምጠዋል፣ ቁልፉም ከታናሽ እህታችን ጋር ነው። ነሐሴ ሲገባ ሦስታችን ቁጭ ብለን ዓመቱን እንቆጥራለን፤ የተረፈውንም የጎደለውንም።