መድኃኒቱ ነበረ፣ ሚዛኑ ግን አልነበረም

እ.ኤ.አ. በ1891 ዊልያም ኮሊ የተባለ ወጣት የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም ለብዙዎች እብደት የሚመስል ነገር አደረገ። አንገቱ ላይ በወጣ ዕጢ ምክንያት መብላት ያቃተውን ሰው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ወጋው። ሰውየው በትኩሳት ነደደ፤ ለሞትም ተቃረበ። ዕጢው ግን እየሟሸሸ ሄደ፤ ታካሚውም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኖረ።

ኮሊን ለዚህ ያበቃው ሐዘን ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ክንዷን ቆርጦላትም በካንሰር ሞታበታለች። የሆስፒታሉን አሮጌ መዝገብ ሲያገላብጥ ከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ይዞት ዕጢው የጠፋለት ሰው ታሪክ አገኘ። ዛሬ ባለው ዕውቀት፣ ኢንፌክሽኑ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶታል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሕክምና ለምን ተረሳ? አንዱ ምክንያት የጨረር ሕክምና መምጣቱ ነው። ሌላው ግን ይበልጥ ያሳዝናል። የባክቴሪያው ቅመማ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ መጠኑም አወሳሰዱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ሐኪም ውጤት ሲያይ ሌላው ምንም አያይም። ማን ትክክል እንደሆነ የሚዳኝ የጋራ መለኪያ ስላልነበረ ኮሊ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሞት ብዙዎች አላመኑትም ነበር። የአባቷን የተበታተነ መዝገብ ሰብስባ ያደራጀችው ልጁ ሄለን ናት። እሷም እ.ኤ.አ. በ1953 የካንሰር ምርምር ኢንስቲትዩትን በኒውዮርክ መሠረተች።

ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ተራመደ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጄምስ አሊሰንና ባልደረቦቹ የቲ ሴልን ፍሬን መልቀቅ ዕጢን እንደሚያጠፋ በአይጦች ላይ አሳዩ። በዚሁ መንገድ የተሠራው ኢፒሊሙማብ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ለሜላኖማ ተፈቀደ። አሊሰንም ከጃፓኑ ታሱኩ ሆንጆ ጋር የ2018ን የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ነገር ግን መድኃኒቱ አንዱን ከሞት አፋፍ ሲመልስ አጠገቡ የተኛውን አልረዳውም። ለምን?

መልሱ ያለው በታካሚው ደምና ዕጢ ውስጥ ነው። የትኞቹ የመከላከያ ሴሎች አሉ? ስንት ናቸው? ከሕክምናው በፊትና በኋላ ምን ተለወጠ? ይህንን ለመቁጠር መሣሪያው ነበረ፤ ችግሩ የኮሊ ዘመን ችግር መሆኑ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ ዓይነት የደም ሴሎች ለተለያዩ ላቦራቶሪዎች ተልከው ሲፈተሹ የተመለሰው ቁጥር የተራራቀ ነበር። ሁሉም በየራሱ ሚዛን ይመዝን ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ለዚህ መፍትሔ አበጀ። ዳና ፋርበር፣ ማውንት ሳይናይ፣ ስታንፎርድና ኤምዲ አንደርሰን አራት የጋራ የመከላከያ ምርመራ ላቦራቶሪዎች እንዲያቋቁሙ፣ መረጃውም በአንድ ማዕከል እንዲከማች አደረገ። ናሙና በተለያዩ ሆስፒታሎች በአንድ ደንብ ይወሰዳል፤ ላቦራቶሪዎቹም ውጤታቸውን እርስ በርስ ያመሳክራሉ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር 11 የመድኃኒት ኩባንያዎች ሥራውን ተቀላቀሉ። ለአምስት ዓመት የታቀደው 215 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 55 ሚሊዮኑ የኩባንያዎቹ ድርሻ ነበር። በገበያ የሚፎካከሩት በሚዛኑ ተስማሙ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሀምሳ ሰው ጌጥ ነው።

የጋራ ላቦራቶሪ ሲባል ብዙ ሰው ውድ ማሽን ይታየዋል። ከማሽኑ የሚከብደው ግን ስምምነቱ ነው፤ እያንዳንዱ ተመራማሪ የለመደውን አሠራር ትቶ በጋራው መገዛት አለበት። ከዕጢ በመርፌ የሚወሰደው ቁራጭ እጅግ ትንሽ ነው፤ አንዴ ከተበላሸ አይተካም። ያንን ቁራጭ የሰጠው ታማሚ ደግሞ ውጤቱን ለማየት ላይደርስ ይችላል። ስጦታው ከሌላው ሰው ስጦታ ጋር ተነጻጽሮ ለሚቀጥለው ታማሚ እንዲተርፍ ማድረግ ግን ይቻላል። ኮሊ ያጣው ይህንን ነበር።