የትም የማያደርሰው ደረጃ

ስድስት ኪሎ የተማርን ሁላችን በገነተ ልዑል ፊት ለፊት የትም የማያደርሰውን ደረጃ እናውቀዋለን። ፋሺስቶች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን። ከነጻነት በኋላ አልፈረሰም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

ቤተ መንግሥቱም እንዲሁ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው፤ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ባለሥልጣናት የተረሸኑትም እዚሁ። ንጉሡ ግቢውን ለትምህርት ሰጡና በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሕንፃው ሳይፈርስ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምንና ሙዚየሙን ያዘ።

ግቢዎቻችን አዲስ ሕንፃ ያስፈልጋቸዋል፤ አንቃወምም። ግን «አሮጌ ነው» ተብሎ ዶዘር ከመጠራቱ በፊት ቤቱ ምን እንዳየ ይጠየቅ። ያ ደረጃ ተንዶ ቢሆን እኛም «ይሄ ምንድን ነው?» ብለን ባልጠየቅን ነበር።