የዓሣ አንጀት የቆረቆራት ከተማ

ከተማ ሲቆረቆር ምክንያት አለው። አንዱ በፍል ውሃ፣ ሌላው በባቡር ጣቢያ፣ ሌላው በንጉሥ ሰፈር ምክንያት ይመሠረታል። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት ግን ዓሣ አጥማጆች ከጀልባቸው ላይ በወረወሩት አንጀትና ጭንቅላት ስለ ተቆረቆረች ከተማ ነው። ቤት የላትም፤ መንገድ የላትም፤ ነዋሪዎቿም ዓሦች ናቸው። ስሟ ስቲንግሬይ ሲቲ ይባላል። የምትገኘው በካሪቢያን ባሕር፣ ከኩባ በስተደቡብ፣ የእንግሊዝ ግዛት በሆነችው በግራንድ ካይማን ደሴት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይያዝልኝ።

ስቲንግሬይ በሐይቆቻችንና በወንዞቻችን የማይኖር ፍጥረት በመሆኑ አገርኛ ስም የወጣለት አይመስለኝም። ስለዚህ በፈረንጅ ስሙ እንጥራው። ሰፌድ የመሰለ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። የሻርክ ዘመድ ሲሆን እንደ ሻርክ ሁሉ አጽሙ ልም አጥንት ነው። ዓይኖቹ ከላይ፣ አፉ ከሥር ስለሆኑ የሚጎርሰውን አያየውም። ምግቡን የሚያገኘው በማሽተትና ከሌሎች እንስሳት አካል የሚወጣውን ኢምንት የኤሌክትሪክ ኃይል በመለየት ነው። ተፈጥሮው የሌሊት አዳኝ ነው፤ ቀን አሸዋ ለብሶ ይተኛል፣ ሲመሽ ለብቻው እየዞረ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ያድናል። አለንጋ በመሰለው ጅራቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው መርዛም እሾህ ተተክሎበታል።

ይህ እሾህ ታሪክ አለው። ካፒቴን ጆን ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ አሳሽ በ1608 በዛሬይቱ ቨርጂኒያ የባሕር ዳርቻ ዓሣ በጎራዴ እየወጋ ሲያወጣ፣ አንዱ ስቲንግሬይ ክንዱን ወጋው። ሕመሙ ስለ ጸናበት መቃብሩን አስቆፈረ ይባላል። ሳይሞት ቀረ፤ ሲመሽ ያንኑ ዓሣ እራት አደረገው። ቦታው ዛሬም ስቲንግሬይ ፖይንት ይባላል። በ2006 ግን በቴሌቪዥን የዱር እንስሳት ዝግጅቶቹ ዓለም ያወቀው አውስትራሊያዊው ስቲቭ ኧርዊን ደረቱን ተወግቶ ሞተ። ዓሣው ሰው ለማጥቃት የሚመጣ አይደለም፤ እሾሁን የሚመዘው ሲረገጥ ወይም መውጫ ሲያጣ ነው። እንዲህም ሆኖ የካሪቢያን ዓሣ አጥማጅ ይህን ፍጥረት በመረቡ ሲያገኘው የሚደሰትበት ምክንያት አልነበረውም።

ታዲያ የተፈራው ዓሣ እንዴት ሰው የሚዳብሰው ሆነ? ለዚህ መልስ ለማግኘት መጀመር ያለብን ከኤሊ ነው።

ኮሎምበስ በአራተኛው ጉዞው፣ በግንቦት 1503፣ ነፋስ ገፍቶት ሁለቱን ትንንሽ የካይማን ደሴቶች ሲያይ ባሕሩም የብሱም በኤሊ ተሞልቶ ስለ ነበር ላስ ቶርቱጋስ፣ ማለትም ኤሊዎቹ፣ ብሎ ሰየማቸው። ካይማን የሚለው የኋላው ስም የመጣው ደግሞ በዚያ ከነበረው አዞ ነው። በዚያ ዘመን ለመርከበኛ ኤሊ ማለት ስንቅ ነበር። በጀርባው ከተገለበጠ መሄድ አይችልም፤ ለሳምንታት ሳይሞት መርከብ ላይ ይቆያል። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ይህ ትኩስ ሥጋ ነው። የእንግሊዝ፣ የሆላንድና የፈረንሳይ መርከቦች እየመጡ ጫኑ፤ የባሕር ወንበዴዎችም ጫኑ፤ ኋላም የደሴቲቱ ሰፋሪዎች ራሳቸው ዋና ሥራቸው አደረጉት። እንቁላሏን ልትጥል ወደ አሸዋው የወጣችው እናት ሳትቀር ታረደች። አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ሲያበቃ ኮሎምበስ የጠራት የኤሊዎች አገር ኤሊ አልቆባት ነበር። ካይማኖች ጀልባቸውን እየነዱ መጀመሪያ ወደ ኩባ ደቡባዊ ደሴቶች፣ እዚያም ሲመናመን ርቀው ወደ ኒካራጓ ጠረፍ መሄድ ግድ ሆነባቸው። አንድ ሕዝብ አገሩ ቀድሞ በስሙ የተጠራበትን እንስሳ ፍለጋ የሰው ባሕር ሲያስስ ማየት ያሳዝናል፤ ግን ይህን ያደረጉት በድህነት ነው፤ የበሉትም ከሌሎች የተረፈውን ነው።

ድህነቱ ቀላል አልነበረም። ሴቶቹ ከዘንባባ ቅጠል ገመድ እየገመዱ ለጃማይካ ይሸጣሉ፤ ገመዱ ጨው ውሃ ስለማይበጥሰው ይፈለግ ነበር። ወንዶቹ በሃያኛው መቶ ዓመት በሰው አገር የጭነት መርከቦች ላይ እየተቀጠሩ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ጠፍተው ይቆያሉ። ቤተሰቡ የሚኖረው እነሱ በሚልኩት ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ ትንኝ ነበረ። የካይማን ትንኝ ስንል እንዲሁ ጆሮ ላይ የሚያፏጨውን አይደለም፤ በጉም መልክ እየተነሣ የከብቱን አፍንጫ ደፍኖ እስከ መግደል የሚደርስ ነበር። መንግሥት ትንኝን የሚያጠናና የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ያቋቋመው በ1965 ነው። የደሴቲቱ ቱሪዝምና ባንክ ያደገው ከዚያ ወዲህ መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

ወደ ዓሣችን የሚያደርሰንም ይኸው ትንኝ ነው። ከግራንድ ካይማን በስተሰሜን ኖርዝ ሳውንድ የሚሉት ሰፊ የባሕር ወሽመጥ አለ። አፉን የኮራል ግድግዳ ስለ ዘጋው ውጭው ሲናወጥ ውስጡ እንደ ሐይቅ ጸጥ ይላል። ከግድግዳው ወደ ውስጥ ጥልቀቱ የሰው ወገብ የማያልፍ የአሸዋ ደለል ተዘርግቷል። ከአሣ ማጥመድ የሚመለሱት ሰዎች የያዙትን እዚያ ቆመው ይበልቱ ነበር። ማዕበል የለም፤ የብስ ላይ የሚጠብቃቸው ትንኝም እዚያ አይደርስም። አንጀቱንና ጭንቅላቱን፣ የትልቁንም ቀንድ አውጣ ትርፍራፊ ወደ ውሃው ይወረውሩታል። ይህን ያሸተቱ ስቲንግሬዮች መምጣት ጀመሩ። ዛሬ መጡ፤ ነገም መጡ። እየቆየ የጀልባ ሞተር ድምፅ ለእነሱ የምሳ ደወል ሆነ። የአገራችን ሰው የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ የሚለው ይህን ዓይነቱን ነው።

የደሴቲቱ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ግን ማንም እንደ ሀብት አላየውም። ሀብትነቱ የታያቸው ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው። ካይማን በ1957 ቦብ ሶቶ የተባለ ሰው የጠላቂዎች ሱቅ የከፈተባት፣ ለዚህ ሥራ በካሪቢያን ፈር ቀዳጅ የሆነች አገር ናት። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጠላቂ አስተማሪዎች አራት ሜትር ያህል ጥልቀት ወዳለው ስፍራ ወርደው ለስቲንግሬዮቹ በእጃቸው ማጉረስ ጀመሩ። እንግዶቻቸውን አስከተሉ፤ የጠላቂዎች መጽሔቶች ፎቶግራፉን አወጡ፤ ስቲንግሬይ ሲቲ የሚለው ስምም ጸደቀ። መጥለቅ ለማይችለው ብዙ ሕዝብ ደግሞ ያ ወገብ የሚደርሰው ደለል ነበረለት። የመዝናኛ መርከቦች በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወደሚያራግፉባት ደሴት፣ መዋኘት ለማይችል እንኳ የሚሆን የዱር እንስሳ ተገኘላት።

እኔ የሄድኩት በ2018 ፍሎሪዳ ከሚኖር ያክስቴ ልጅ ጋር ነው። ጀልባችንን የሚነዳው በዕድሜ የገፋ የደሴቲቱ ተወላጅ ሲሆን ወጣትነቱን በጭነት መርከብ ላይ ማሳለፉን አጫወተን። ከመውረዳችን በፊት ትእዛዝ ሰጠን። ጫማ አውልቁ። እግራችሁን አታንሡ፤ አሸዋውን እየጎተታችሁ ሂዱ፤ የተኛ ካለ ነቅቶ ይሸሻል እንጂ አትረግጡትም። ስታጎርሱ አውራ ጣታችሁን ጨብጡ። ጅራቱን አትንኩ። ከውሃ ወደ ላይ አታውጡ።

ሞተሩ ገና ሳይጠፋ ጥላቸው በነጩ አሸዋ ላይ ሲመጣ አየሁ። ሴቶቹ ግዙፎች ናቸው፤ አንዳንዷ ከትልቅ ምጣድ እጥፍ ትሰፋለች። ወንዶቹ ሰፌድ ያህላሉ። አንዷ እግሬን ታክካ አለፈችና ተመልሳ ሆዴ ላይ ተለጠፈች። የሥሯ ቆዳ እንደ ራሰ ከፋይ ይለሰልሳል። ስኩዊድ የተባለውን ለስላሳ የባሕር እንስሳ ቁራሽ በጨበጥኩት እጄ ላይ ስይዝላት፣ ከየት እንደ መጣ ባልታየኝ አፍ ሽው አድርጋ ሳበችው። ጥርስ አልተሰማኝም፤ የመሳብ ኃይል ብቻ። ሽማግሌው አንዷን በሁለት እጁ ከውሃው ገጽ ሳያወጣ ደግፎ፣ የሳማት ሰባት ዓመት ይቀናዋል እያለ እንግዶቹን ያስቃል። ያክስቴ ልጅ ሳማት። እኔ ዕድሌን በዓሣ ላይ መጣሉ ከበደኝና ቀረሁ።

ደስታው እውነተኛ ነው፤ አልክደውም። ሆኖም ዙሪያዬን ሳይ ከሃያ የማያንሱ ጀልባዎችና በመቶ የሚቆጠር ሰው አለ። ያ ለብቻው በሌሊት የሚዞረው አዳኝ በቀትር ፀሐይ፣ በሞተር ጩኸት መካከል፣ ከብጤዎቹ ጋር እየተጋፋ እጅ እጅ ያያል። ይህ እንዲያው የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በ2009 የታተመ ጥናት የቱሪስት ስቲንግሬዮች ደም ርቀው ከሚኖሩት ዘመዶቻቸው የደከመ መሆኑን፣ በሰውነታቸውም ላይ የጀልባ ጉዳትና ጥገኛ ተባይ እንደሚበዛ አሳየ። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀኑን ሌሊት፣ ሌሊቱን ቀን ማድረጋቸውን አረጋገጠ፤ ሲመሽ ይተኛሉ፣ ሲነጋ ለሥራ ይወጣሉ። ከጀልባው ሰዓት ጋር ሰዓታቸውን አስተካክለዋል ማለት ነው።

የሐረርን ጅብ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። በከተማዋ በር ሥጋ በእንጨት ላይ የሚቀበለው ጅብስ ከዚህ በምን ይለያል? ይለያል። የሐረር ጅብ የሚመጣው በገዛ ሰዓቱ፣ በጨለማ ነው፤ ጎርሶም ወደ ጫካው ይመለሳል። ተፈጥሮውን ሳይለቅ ነው ከሰው ጋር የተወዳጀው። የካይማኑ ዓሣ ግን የሚነቃበትንም የሚተኛበትንም ጊዜ ለሰው አስረክቧል።

በ2012 በተደረገ ቆጠራ በደለሉ ላይ ያሉት ስቲንግሬዮች ቁጥር ከቀድሞው አንድ መቶ ገደማ ወደ ስልሳ ገደማ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ደሴቲቱ ደነገጠች። የድንጋጤውን ምክንያት መገመት አያዳግትም፤ ከነዚያ ጥቂት ዓሦች እንጀራ የሚበላው ጀልባ ነጂ፣ ሾፌር፣ አስተናጋጅ ብዙ ነው። በ2013 ሕግ ወጥቶ በካይማን ባሕር ያለ ስቲንግሬይ ሁሉ እንዳይገደልና እንዳይያዝ ተደረገ። አስቀድሞም በደለሉ ላይ ጫማ ማድረግና እንስሳውን ከውሃ ማውጣት የተከለከለ ነበር። ሕጉን አመሰግናለሁ። ከቢላዋ ያድናቸዋል፤ ከቱሪስቱ እጅ ግን አያድናቸውም፤ እንዲያድናቸውም የታሰበ አይደለም። ለደሴቲቱ ሰው ፈርጄ ይህን መናገር ግን ይከብደኛል። ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ወጣትነቱን የጨረሰው ልጆቹን ሳያይ በሰው አገር መርከብ ላይ ነው፤ አሁን ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ይህን የሰጡት እነዚያ ሴቶች ስቲንግሬዮች ናቸው።

ከደለሉ እንደ ተመለስን የጉብኝቱ ሁለተኛ ክፍል ወደ ኤሊ ማርቢያው መሄድ ነበር። በ1968 የተመሠረተ ሲሆን፣ ኮሎምበስ ባሕሩን ሞልቶት ያየው አረንጓዴ የባሕር ኤሊ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ በሺህ እየሆነ ይርመሰመሳል። ከፊሉ ወደ ባሕር ይለቀቃል፤ ከፊሉ ታርዶ ሥጋው ለደሴቲቱ ነዋሪ ይሸጣል። ጠዋት በሕግ የተጠበቀውን ዓሣ የዳበሰ እንግዳ፣ ከሰዓት በኋላ ጫጩት ኤሊ እጁ ላይ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ይነሣል። ማታ በገባንበት ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝሩ ላይ የኤሊ ወጥ አለ። ሩዝ በአደንጓሬ አዘዝን። በማግስቱ የተሳፈርንበት የደሴቲቱ አየር መንገድ አውሮፕላን ጭራው ላይ ኤሊ ተስሎበታል፤ ቀይ ሻሽ ያሰረ፣ ጎራዴ የታጠቀ፣ አንድ እግሩ የእንጨት የሆነ የባሕር ወንበዴ ኤሊ።