የሕክምና መሣሪያዎች የአጠቃቀም ጥናት፦ ከጂዛን አንጻር

የአጠቃቀም ጥናት አንድን የሕክምና መሣሪያ በእጁ የሚይዘው ሰው ሳይሳሳት ሊሠራበት መቻሉን በተግባር የሚፈትሽ ምርመራ ነው። አምራቹ የፈቃድ ማመልከቻ ሲያስገባ ውጤቱን ከደኅንነት ማስረጃዎቹ ጋር ያያይዛል። ዋናው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኢሲ 62366 እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል። ለጉዳዩ ክብደት የሰጡት ግን አደጋዎች ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ስለ መድኃኒት ማስገቢያ ፓምፖች ወደ 56 ሺህ የሚጠጋ የጉዳት ሪፖርት ደርሶታል፤ በዚያው ጊዜ 87 ጊዜ ፓምፖች ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጓል። ከምክንያቶቹ አንዱ ተጠቃሚን የሚያደናግር ስክሪንና ቁልፍ ነበር።

በሳዑዲ አረቢያ

ፈቃድ ሰጪው በ2003 የተቋቋመው የሳዑዲ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የሕክምና መሣሪያዎች ሕግ በ2021 ወጥቷል። አምራቹ በሚያቀርበው የቴክኒክ ሰነድ ከአጠቃቀም ስሕተት የሚመጣን አደጋ እንዴት እንደቀነሰ ማሳየት አለበት። ቤት ውስጥ ለሚሠራባቸው መሣሪያዎች የዐረብኛ መመሪያ ይጠየቃል።

በሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ ባለችው በጂዛን ግን የዐረብኛ መመሪያ ብቻውን አይበቃም። የጂዛን ከተሞች ሳምጣህና ጡዋል የየመን ድንበር ላይ ናቸው፤ በየመን በኩል የሚሻገሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የሚደርሱት ወደዚሁ አካባቢ ነው። ዐረብኛን በጆሮ ለምዶ ማንበብ የማይችል ሠራተኛ የስኳር መለኪያ ቢሰጠው፣ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ለእሱ የለም ማለት ነው።

የወባ ፈጣን መመርመሪያ

ጂዛን የወባ ሥርጭት በሳዑዲ ለረጅም ጊዜ ከቆየባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ፈጣን መመርመሪያው ሲያዩት ቀላል ነው፦ ጣት ይወጋል፣ ብዙውን ጊዜ 5 ማይክሮሊትር ደም በአንደኛው ቀዳዳ፣ ከመመርመሪያው ጋር የሚመጣው ፈሳሽ በሌላው ይጨመራል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። ደሙ በፈሳሹ ቀዳዳ ከገባ ወይም ውጤቱ ከሰዓቱ በፊት ከተነበበ መልሱ ይበላሻል። መመርመሪያው በትክክል መሥራቱን የምታሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልወጣች ምርመራው ዋጋ የለውም፤ መስመሯን ሳያስተውል «ወባ የለብህም» ብሎ ሕመምተኛውን የሚሸኝ ሰው ግን ሊኖር ይችላል።

በዛምቢያ የተሠራና በ2008 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። የአምራቹን መመሪያ ብቻ ይዘው የሠሩ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በአማካይ ከሂደቶቹ 57 በመቶውን በትክክል ፈጸሙ። በሥዕል የተዘጋጀ አጋዥ ካርድ የተሰጣቸው 80 በመቶ፣ ካርዱ ላይ አጭር ሥልጠና የተጨመረላቸው 92 በመቶ ደረሱ። መመርመሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው ማስረዳቱ ነው። ጥናቱ በአምራቹ የምህንድስና ክፍል ሠራተኞች ላይ ቢደረግ ኖሮ ይህ ክፍተት ባልታየ ነበር።

የተሳታፊዎች ቁጥር

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ባወጣው መመሪያ ለአጠቃቀም ጥናቱ ማጠቃለያ ፈተና ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ዓይነት ቢያንስ 15 ሰው እንዲሳተፍ ይመክራል። ቁጥሩ የተመረኮዘበት ጥናት 15 ሰው በአማካይ ከችግሮቹ 97 በመቶውን እንደሚያወጣ ይገልጻል። ስሌቱ ግን የሚሠራው ተሳታፊዎቹ እውነተኛ ተጠቃሚዎችን ሲመስሉ ነው፤ ያው መመሪያ ተሳታፊዎቹ የአሜሪካ ነዋሪዎች እንዲሆኑ የሚፈልገውም ለዚህ ይመስላል። በዚሁ መለኪያ ከሄድን፣ ለድንበር ጤና ጣቢያ የሚላክ መሣሪያ ሲፈተን እዚያ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስም፣ የየመን ስደተኛውም፣ አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪው ሠራተኛም በተሳታፊነት መግባት አለባቸው።

በኢትዮጵያ

ያው ጥያቄ በኢትዮጵያም ይነሳል። የሕክምና መሣሪያን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ይሠራል። በጤና ኬላዎች የወባ ፈጣን መመርመሪያን የሚጠቀሙት በአብዛኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ስለዚህ በፈተናው መግባት ያለባቸው እነሱ ናቸው።