ጁኖ (መርከብ)

ጁኖ፦ በስዊድን የጎታ ቦይ ላይ የምትመላለስ አነስተኛ የመንገደኞች መርከብ። በ1874 እ.ኤ.አ. ሙታላ ከተማ ተሠራች። መጀመሪያ በእንፋሎት ትሠራ ነበር፤ በኋላ የናፍጣ ሞተር ተገጠመላት።

መኝታ ክፍሎቿ ጠባብ ናቸው፤ ተደራራቢ አልጋና የእጅ መታጠቢያ አላቸው፤ መጸዳጃና ሻወሩ የጋራ ነው። የምትጓዝበት፣ በ1832 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የጎታ ቦይ 190 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መርከቦችን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ 58 ባለበር የውኃ ገንዳዎች አሉት። በርግ በተባለው ስፍራ ሰባት ተከታታይ ገንዳዎች ወደ ስቶክሆልም የምትጓዘውን መርከብ 19 ሜትር ያህል ወደ ሮክሰን ሐይቅ ያወርዷታል። ገንዳው እስኪጎድል ተሳፋሪው ወርዶ ዳር ዳሩን በእግሩ ይጓዛል፤ እርስ በርስ የሚተዋወቀውም ያኔ ነው።

ጁኖ ለምቾት ፈላጊ አትሆንም፤ ጉዞውን ራሱን ለሚወድ ግን ከግዙፎቹ መርከቦች ትበልጣለች።