በፕላኔቶች ጎዳና የሚጓዙት አስትሮይዶች እና የ“ድንቅነሽ” ስም በጠፈር

ጁፒተር ፀሐይን ብቻውን አይዞርም። በዚያው ምህዋር ከፊቱ የሚቀድሙት፣ ከኋላውም የሚከተሉት በሺዎች የሚቆጠሩ አስትሮይዶች አሉ። ይቀድሙታል እንጂ አይርቁትም፤ ይከተሉታል እንጂ አይደርሱበትም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች “ትሮጃን አስትሮይዶች” ይሏቸዋል። ወደ እነርሱ በመገሥገሥ ላይ ያለችው መንኮራኩር ስሟን ያገኘችው ከአፋር ምድር ከወጣ ቅሪተ አካል ነው። ለመሆኑ እነዚህ አካላት ምንድን ናቸው? ለምድራችንስ ያሰጋሉ?

አስትሮይድ ምንድን ነው?

አስትሮይዶች ፕላኔቶች ሲፈጠሩ የተረፉ፣ ፀሐይን የሚዞሩ አለታማ አካላት ናቸው። አብዛኞቹ በማርስና በጁፒተር ምህዋሮች መካከል ባለው ሰፊ ቀበቶ ውስጥ ይገኛሉ። ሌሎች ግን የአንድን ፕላኔት ምህዋር ይጋራሉ፤ ፕላኔቱ አንድ ዙር በሚጨርስበት ጊዜም እነርሱ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። የጁፒተር ትሮጃኖች ልክ እንደ ጁፒተር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል።

ለምን ከፕላኔቱ ጋር አይጋጩም?

ነገሩን በዐውድማ ላይ በሚዞሩ ከብቶች መመሰል ይቻላል። አንድ ግዙፍ በሬ እህሉን እየረገጠ ሲዞር፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ወይፈኖች ርቀታቸውን ጠብቀው እኩል ቢራመዱ ቀኑን ሙሉ ሳይነካኩ ይውላሉ። በዐውድማው ሥርዓቱን የሚያስጠብቀው የነጂው ድምፅና ጅራፍ ነው፤ በጠፈር ግን የፀሐይና የፕላኔቱ የስበት ኃይል ነው።

ይህን በዓይን ሳይታይ በስሌት ያሳየው የሒሳብ ሊቁ ጆሴፍ ሉዊ ላግራንዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ባቀረበው ጥናት፣ ፀሐይ፣ ፕላኔትና አንድ ትንሽ አካል ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ከሠሩ፣ ትንሹ አካል ቦታውን ጠብቆ ከፕላኔቱ ጋር ሊዞር እንደሚችል አስረዳ። እንዲህ ያሉት ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከፕላኔቱ 60 ዲግሪ ይቀድማል፣ ሌላው 60 ዲግሪ ይዘገያል። በዚያ የሚገኝ አካል ከነጥቡ ፈቀቅ ቢል እንኳ በነጥቡ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ እያለ ይጓዛል እንጂ በቀላሉ አያመልጥም። በጁፒተር ምህዋር እያንዳንዱ ነጥብ ከፕላኔቱ የሚርቀው ጁፒተር ከፀሐይ የሚርቀውን ያህል፣ 780 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ስሌቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ 134 ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1906 ጀርመናዊው ማክስ ቮልፍ በሃይደልበርግ ሆኖ ሰማዩን ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ከጁፒተር ቀድሞ የሚጓዝ አስትሮይድ አገኘ፤ አኪሌስ ተባለ። ከዚያ በኋላ የተገኙትም በጥንቱ የትሮይ ጦርነት ጀግኖች ስም ተሰየሙ። ቀዳሚዎቹ “የግሪክ ሠፈር”፣ ተከታዮቹ “የትሮይ ሠፈር” ተባሉ። ሥርዓቱ ሳይጸና የተሰየሙት ሁለቱ ግን በባላንጣዎቻቸው ሠፈር ቀርተዋል። የትሮዩ ሄክቶር ከግሪኮች፣ የግሪኩ ፓትሮክለስ ከትሮዮች ጋር ይጓዛሉ። ከሁሉም የሚገዝፈው ሄክቶር ሲሆን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። እስካሁን የታወቁት የጁፒተር ትሮጃኖች ከ10 ሺህ ይበልጣሉ።

ምድርስ ተከታይ አላት?

አላት። እስካሁን ሁለት የምድር ትሮጃኖች ተረጋግጠዋል። “2010 ቲኬ7” የተባለው 300 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ “2020 ኤክስኤል5” ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለቱም ከምድር ቀድመው ይጓዛሉ። ሆኖም እንደ ጁፒተር ትሮጃኖች ለቢሊዮን ዓመታት የሚጸኑ አይደሉም፤ በሺዎች ዓመታት ውስጥ ቦታቸውን የሚለቁ እንግዶች ናቸው። ማርስና ኔፕቱንም የራሳቸው ትሮጃኖች አሏቸው።

ስለ ስጋቱ መልሱ አጭር ነው። ምህዋር መጋራት መጋጨት ማለት አይደለም፤ ይልቁንም የርቀቱ ሥርዓት እንዳይቀራረቡ ይጠብቃቸዋል። ሳይንቲስቶች በንቃት የሚከታተሏቸው የምድርን ምህዋር የሚያቋርጡትን ሌሎች አስትሮይዶች ነው። አርሶ አደሩ ማሳውን ሲጠብቅ በሌሊት የሚያየው ተወርዋሪ ኮከብ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከጠጠር የማይበልጥ ብናኝ ከባቢ አየር ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል ነው።

ድንቅነሽና ሰላም በጠፈር

የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ወደ ጁፒተር ትሮጃኖች መንኮራኩር ላከ። ስሟ “ሉሲ” ነው፤ ይኸውም በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ለተገኘችውና እኛ ድንቅነሽ ለምንላት ቅሪተ አካል መታሰቢያ ነው። የስያሜው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድንቅነሽ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ እንዳስተማረች ሁሉ፣ ትሮጃኖቹም ከ4 ቢሊዮን ዓመታት በፊት ስለነበረው የፕላኔቶች አፈጣጠር ይነግሩናል ተብሎ ይታመናል።

መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1 ቀን 2023 በዋናው ቀበቶ ውስጥ ባለች፣ ስፋቷ ከ1 ኪሎ ሜትር ባነሰ አንዲት አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም በራሱ በአማርኛው “ድንቅነሽ” ነው። ምስሎቹ ሲታዩ ድንቅነሽ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሁለት ተጣብቀው የቆሙ ቋጥኞች የሚመስል ጨረቃ ይዞራት ነበር። ጨረቃው በዲኪካ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በተመራው ቡድን በተገኘችው ሕፃን ስም “ሰላም” ተባለ። መንኮራኩሯ በሚያዝያ 2025 ደግሞ በድንቅነሽ አግኚ ስም የተሰየመውን ዶናልድጆሃንሰንን ጎበኘች።

ዋናው ሥራ ገና ከፊት ነው። በዕቅዱ መሠረት ሉሲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2027 የመጀመሪያውን ትሮጃን፣ ዩሪባቴስን ታገኛለች። በ2033 ደግሞ ወደ ትሮይ ሠፈር ተሻግራ ፓትሮክለስንና ጥንዱን ትመለከታለች። በሐዳር አፈር ሥር የተገኘው ስም ያን ጊዜ ከፀሐይ በጁፒተር ርቀት ላይ ይሆናል።